ባሌ ሳያማክረኝ ለስኪ ዕረፍት «እሺ» አለ፤ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የምኖረው ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሴቷ 9 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 4። ባሌ ጥሩ ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ሲመለስ፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ከነቤተሰባቸው በየካቲቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ቫል ቶሬንስ የሚባል የስኪ መንደር ለአንድ ሳምንት ትልቅ ቤት ሊከራዩ እንደሆነ፣ እኛንም እንደጋበዙን፣ እሱም እሺ እንዳላቸው ነገረኝ። ጠየቀኝ አላልኩም፤ ነገረኝ። የቤቱ ድርሻችን ብቻ 1,100 ዩሮ ነው። ቅድመ ክፍያው እስከ ወሩ መጨረሻ ይፈለጋል። ቁጭ ብዬ ስደምረው ሁሉም ተጨምሮ ከ3,000 ዩሮ አያንስም።

እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። በየወሩ የምችለውን እልክላታለሁ። በቅርቡ የዓይን ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ተብላለች። ይህን እያወቅሁ በረዶ ላይ ለመንሸራተት ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት ኃጢአት መስሎ ይሰማኛል። ለባሌ ብነግረው «እኛ ከማን እናንሳለን? አስር ዓመት ሙሉ እዚህ ስንኖር አንድ ቀን እንኳ ተራራውን አላየነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሳነውም።

ሌላም አለ። አምና ከየካቲቱ ዕረፍት በኋላ የልጄ አስተማሪ በር ላይ አግኝታኝ «በረዶው እንዴት ነበር? ጥሩ ስኪ አሳለፋችሁ አሉ» አለችኝ። ለካ ልጄ ክፍል ውስጥ ከቤተሰቤ ጋር ስኪ ሄጄ ነበር ብላ ተናግራለች። እኔም ደንግጬ «አዎ፣ ጥሩ ነበር» አልኩ። ለልጄም ለባሌም እስከ ዛሬ አልነገርኩም።

እውነቱን ለመናገር እፈራለሁም። 38 ዓመቴ ነው። የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው፤ እግሬን ብሰብር ማን ይሠራልኛል? ዐቢይ ጾምም የሚገባው በዕረፍቱ መሃል ነው፣ እነሱ የያዙት ደግሞ ሁለተኛውን ሳምንት ነው። ማታ ማታ የቀለጠ አይብ ነው አሉ የሚበላው። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከሊዮን

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ውስጥ ባልሽ ምን እንደሚፈልግ አለ፣ ልጅሽ ምን እንደምትመኝ አለ፣ እናትሽ ምን እንደሚያስፈልጋት አለ። አንቺ ራስሽ ያን ተራራ ማየት ትፈልጊ እንደሆነ ግን ፈልጌ አጣሁት። የእናትሽ ሕክምና አልቆ፣ ገንዘቡም ኖሮ፣ ጾሙም ባይሆን፣ ትሄጂ ነበር? ለእኔ አትመልሺልኝ። ለራስሽ ግን መልሺው። «አልፈልግም» እና «አሁን አልችልም» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ባልሽ የትኛውን እንደምትዪው ካላወቀ ዝም ብሎ እንቢተኝነት ነው የሚመስለው።

ደግሞ «ነገረኝ» የምትለዋን ቃል ለይተሽ ነው የጻፍሻት። ያስቀየመሽ 3,000 ዩሮው ብቻ አይደለም ማለት ነው። ትክክል ነሽ፤ በቤቱ ገንዘብና በቤቱ ዕረፍት ላይ ሳይጠይቅሽ እሺ ማለት አልነበረበትም። ይህን በቀጥታ ንገሪው። ግን ከስኪው ለይተሽ። ሁለቱን አንድ ላይ ካነሳሽ ክርክሩ ስለ በረዶ ይሆንና ዋናው ነገር ይጠፋል።

አሁን አንድ የመሰለኝን ልበልሽ። ፈረንሳይ ውስጥ ከየካቲት ዕረፍት በኋላ ሥራ ቦታ ሰው ሁሉ ቡና ይዞ ስለ ተራራው ነው የሚያወራው። የት ሄዳችሁ፣ በረዶው እንዴት ነበር፣ ማን ወደቀ። ባልሽ ለአስር ዓመት እዚያ መሃል ቆሞ የሚናገረው አጥቷል። ልጅሽ ደግሞ ክፍሏ ውስጥ የሚናገሩት ስታጣ ፈጥራ ተናገረች። አባትና ልጅ አንድ ነገር ነው የሚያማቸው ብዬ እገምታለሁ። «ከማን እናንሳለን» ማለቱ ጉራ መስሎ ተሰምቶሽ ከሆነ እስቲ በዚህ ጆሮ መልሰሽ ስሚው። ሲጋብዙት ደስ ብሎት ነው ሳያስብ እሺ ያለው። ይህ ጥፋቱን አያጠፋውም፣ ግን ስትነጋገሩ ከየት መጀመር እንዳለብሽ ያሳይሻል። «ለምን እሺ አልክ?» ከምትዪው «ሲጋብዙህ ምን ተሰማህ?» ብትዪው የተሻለ ይመልስልሻል።

ስለ ልጅሽ። ለአስተማሪዋ «አዎ» ማለትሽ አያሳፍርሽ፤ ልጅሽን በሰው ፊት አላጋለጥሽም፣ እናት ደግሞ በዚያች ቅጽበት ሌላ ምን ትላለች? ነገሩ ግን እስከ ዛሬ በመሃላችሁ ተቀምጧል። ንገሪያት። ለብቻዋ፣ ማታ ስትተኛ ወይም ፀጉሯን ስትሠሪያት፣ ያለ ቁጣ። «አስተማሪሽ የነገረችኝን አውቃለሁ፣ አልተቆጣሁም፣ ለምን እንደዚያ እንዳልሽ ልስማሽ» በያት። ከዚያ ዝም በዪና አድምጪያት።

የሚጠቅማትን አንድ እውነት ደግሞ ንገሪያት። ክፍል ውስጥ ሲወራ ሁሉም የሄደ ይመስላል እንጂ፣ በዓመት ስኪ የሚሄደው ፈረንሳዊ ከአስር አንድ ገደማ ነው። ሊዮን ለተራራው ስለሚቀርብ ቁጥሩ እዚያ ከፍ ሊል ይችላል፣ ግን ከልጅሽ ጋር ዝም ብለው የሚቀመጡ ሌሎች ልጆችም አሉ። እነሱ አይናገሩም፤ ለዚህ ነው የማይታዩት። ስለ ሮቤል ተክለማርያምም አጫውቻት። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በተደረገው የክረምት ኦሎምፒክ በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረ ሰው ነው፤ አገራችን በክረምት ኦሎምፒክ ስትታይ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ተወዳድሯል። በረዶ የእኛ ነገር አይደለም ብላ እንዳታድግ ነው።

ወደ እናትሽ ልምጣ። «ኃጢአት» ብለሻል። እኔ ከኃጢአቱ በፊት የማየው ቅደም ተከተሉን ነው። አሁን የሚያስጨንቅሽ ሕክምናው ስንት እንደሚያስወጣና መቼ እንደሆነ ስላላወቅሽ ይመስለኛል፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ቁጥሩ የለም። ዛሬ ወይም ነገ ደውዪ። ሆስፒታሉ ምን አለ? የት ነው የሚሠራላት? ስንት ነው? ከእህት ወንድም ማን ምን ያህል ይችላል? መልሱን ይዘሽ ከባልሽ ጋር ተቀመጪና ያን ገንዘብ መጀመሪያ ለይታችሁ አስቀምጡት፣ ማንም እንዳይነካው። ከዚያ የተረፈው የዕረፍት ገንዘብ ነው። 600 ዩሮ ከሆነ 600 ነው፣ 2,000 ከሆነ 2,000 ነው። የእናትሽ ድርሻ ከተቀመጠ በኋላ ልጆችሽን በረዶ ላይ ስታጫውቺ ከእሷ ጉሮሮ የነጠቅሽ አይምሰልሽ፤ አልነጠቅሽም።

አሁን ስለ ቫል ቶሬንስ እናውራ። እኔ ዘንድሮ እዚያ ባትሄዱ እመርጣለሁ። ለምን? መንደሩ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ 2,300 ሜትር ላይ ያለ፣ ከአውሮፓ የስኪ መንደሮች ሁሉ ከፍተኛው፣ በረዶው እስከ ግንቦት መጀመሪያ የሚቆይበት ቦታ ነው። ትሩዋ ቫሌ የሚባለው የሦስት ሸለቆዎች ሰፊ የስኪ ሜዳ አካል ነው፣ 600 ኪሎ ሜትር የተያያዘ መንሸራተቻ ያለው። ሊፍት የሚሉት ሰውን ወደ ተራራው አናት የሚያወጣውን ማጓጓዣ ነው፤ የአዋቂ የስድስት ቀን የሊፍት ትኬት ውድ የሆነውም ለዚሁ ነው፤ ለሙሉው ሜዳ 400 ዩሮ አካባቢ ለአንድ ሰው። ግን አስቢው፤ ስኪ አጥልቆ የማያውቅ ሰው በመጀመሪያው ሳምንቱ 600 ኪሎ ሜትር ምን ያደርግለታል? ጀማሪ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ሰውን እንደ ኤስካሌተር ወደ ላይ በሚወስደው የላስቲክ ምንጣፍ ላይና ከሥሩ ባለችው አጭር ቁልቁለት ነው። ባልደረቦቹ ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚንሸራተቱ ከሆነ ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚመለሱት። አንቺና ባልሽ የከፈላችሁት አብሮ ለመሆን ነበር፣ ቀኑን ግን ለየብቻ ታሳልፉታላችሁ።

ሌላ የሚያሳስበኝ ሳምንቱ ነው። የፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች የካቲት ላይ በሦስት ዞን ተከፍለው ነው የሚያርፉት፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሳምንት። ሊዮን ዞን አ ናት፣ ፓሪስ ዞን ሴ። የፓሪስ ልጆች ወይም ሌላው ዞን ከእናንተ ጋር በሚደራረብበት ሳምንት ኪራዩም ሰልፉም ይብሳል፤ ብቻችሁን በምታርፉበት ሳምንት ይቀላል። ብዙው ኪራይ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ስለሆነ ደግሞ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ወደ ተራራው መግቢያ ከተማ ወደ አልበርቪል ይተማል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል፣ ከኋላ ደግሞ የ4 ዓመት ልጅ አለ። የትምህርት ቤታችሁን ካላንደር አውጥታችሁ እዩት። ጾሙ በዕረፍቱ መሃል የሚገባ ከሆነ የመጀመሪያው ሳምንት ፍስክ ነው። እነሱ የያዙት ሁለተኛውን ነው አልሽ፤ እናንተ ለምን የመጀመሪያውን አትይዙም?

ሐሳቤ ይህ ነው። ዘንድሮ ለብቻችሁ፣ አራታችሁ፣ ሁለት ሌሊት። ከግሮኖብል በላይ ቬርኮር የሚባለው ተራራ ላይ ኦትራን አለ። በ1968ቱ የግሮኖብል ኦሎምፒክ የአገር አቋራጩ ስኪ የተካሄደው እዚያ ነው፤ ለልጅሽ ያልኩሽን ታሪክ ለመንገር የሚመች ቦታ ነው። አገር አቋራጭ ስኪ ሜዳ ለሜዳ ነው፣ ሊፍት አያስፈልገውም፣ ትኬቱም ኪራዩም ከቁልቁለቱ በብዙ ይረክሳል። ለሚፈራ ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም፤ ትወድቂያለሽ፣ ግን የምትወድቂው ቆመሽ እንጂ እየበረርሽ አይደለም። ትንሹ ሉዥ በሚሉት፣ ተቀምጠው በሚንሸራተቱበት የበረዶ መንሸራተቻ ይንሸራተታል፣ ለእሱ ያ ይበቃዋል። ልጅቷ ቁልቁለቱንም ትቅመሰው ካላችሁ ሻምሩስ ከግሮኖብል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከግሮኖብል አውቶቡስ አለው፣ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይሆናል። ለልጆች የግማሽ ቀን ትምህርት ያዙላት። ቀይ የለበሱት የፈረንሳይ የስኪ ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ልጅ ማስተማር ያውቁበታል። ማርች ላይ ክፍሏ ውስጥ የምትናገረው እውነተኛ ነገር ይኖራታል።

ልብስ አትግዙ። ወይም ከገዛችሁ ያገለገለ ግዙ። ልጆች በአንድ ዓመት ያድጋሉ፣ ስለዚህ ኤማውስ በሚባሉት ያገለገለ ዕቃ መሸጫዎችም ሆነ ቪንትድ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የተለበሰ ልብስ ሞልቷል፤ በመኸር ወራት በየከተማው ያገለገለ የስኪ ዕቃ ገበያም ይቆማል። ስኪውንና ጫማውን ተከራዩ። የማይቆጠብበት ጓንት፣ ሄልሜትና የፀሐይ መነጽር ነው። በረዶ ፀሐይን መልሶ ይረጫል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ፊት ይልጣል። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚልሽን አትስሚ፤ ክሬሙን ልጆቹንም ቀቢያቸው፣ አንቺም ተቀቢ።

የባልሽ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ምክር ቤት ካለው ስለ ዕረፍት ድጎማና ቼክ ቫካንስ ስለሚባለው የዕረፍት ኩፖን ይጠይቅ። አንቺም በሥራሽ ጠይቂ። የቤተሰብ ድጎማ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ካፍም፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች የዕረፍት ድጋፍ የሚሰጥበት መንገድ አለው። ብዙ የእኛ ሰዎች መብታቸው የሆነውን ሳይጠይቁ ይቀራሉ፣ ይህ ያናድደኛል፤ በየወሩ ከደመወዛችሁ የምትከፍሉበት አገር ነው።

ምናልባት ግን ተነጋግራችሁ ባልሽ «ከሰዎቹ ጋር መሆን ለእኔ ትልቅ ነገር ነው» ቢልሽስ? ያም መልስ ነው፣ አትናቂው። የእናትሽ ገንዘብ ተለይቶ፣ የቀረው የሚበቃ ከሆነ ሂዱ። ግን እንዲህ አድርጉት። ለሁላችሁም ሙሉውን ትኬት አትግዙ፤ የጀማሪ ትኬት ወይም የአንዱን ሸለቆ ብቻ ጠይቁ። ትንሹ ከ5 ዓመት በታች ስለሆነ በአብዛኛው መንደር ሊፍት ነፃ ነው፣ ግን በስሙ ትኬት ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ለአንቺ የጠዋት የቡድን ትምህርት ያዢ፤ አንድም ቀን ባልሽ ወይም ባልደረቦቹ «እኛ እናስተምርሻለን» ብለው ከፍ ወዳለ ቁልቁለት እንዳይወስዱሽ፤ ትዳርም ጉልበትም የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው። ቁልቁለቶቹ በቀለም ነው የሚለዩት፤ አረንጓዴ ቀላሉ ነው፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁር። አንቺ አረንጓዴ ላይ ቆዪ፤ ሳምንቱን ሙሉ አረንጓዴ ላይ ብትቆዪም ማንም አይቆጥርብሽም።

ስብራትን ፈርተሻል፤ ሥራሽ በእግርሽ ቆመሽ ስለሆነ ፍርሃትሽ ልክ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ መንሸራተቻው ላይ ተጎድተሽ ነፍስ አድኖቹ ሲያወርዱሽ ይከፈላል፣ በመቶዎች ዩሮ ሊደርስ ይችላል። ከትኬቱ ጋር ካሬ ኔዥ የሚባል ኢንሹራንስ በቀን ጥቂት ዩሮ ይሸጣል። ከመግዛትሽ በፊት ግን የቤት ኢንሹራንሳችሁና የባንክ ካርዳችሁ ምን እንደሚሸፍኑ እይ፣ ሁለት ጊዜ እንዳትከፍይ። ከሥራ ስትቀሪ ደመወዝሽ እንዴት እንደሚሆንም አስቀድመሽ ጠይቂ። ይህን ሁሉ አጣርተሽ አሁንም ስኪ ማጥለቅ ካልፈለግሽ በቃ፣ አታጥልቂ። ራኬት የሚባል ሰፊ የበረዶ መርገጫ ከጫማ ሥር አስሮ በረዶ ላይ በእግር መሄድ አለ፣ ከትንሹ ጋር ሉዥ አለ። ስኪ ቦታ ሄዶ ስኪ የማይነካ ሰው ብዙ ነው።

ከፍታውን ደግሞ አትፍሪው። ቫል ቶሬንስ ከአዲስ አበባ እኩል ከፍታ ላይ ነው፤ የእናትሽ ደብረ ብርሃን ከሁለቱም ትበልጣለች። ሊዮን ብዙ ስለቆየሽ የመጀመሪያው ቀን ራስሽን ሊያምሽ ይችላል። ውሃ ጠጪ፣ ቀስ በዪ።

ምግቡን በተመለከተ፣ ፎንዲዩም ራክሌትም አይብ ናቸው፤ ታርቲፍሌት ደግሞ አይብና ድንች ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ይገባበታል፤ በጾምም በፍስክም ጠይቀሽ ብዪ። የተከራያችሁት ቤት ወጥ ቤት አለው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ ድርቆሽ ያዢ፤ ምንም ቦታ አይወስዱም። ከበረዶ ቀዝቅዞ የገባ ሰው ትኩስ ሽሮ ሲሸተው ጾመኛ ይሁን አይሁን ይቀርባል። አንድ ማታ የእናንተ ተራ ይሁንና ለሁሉም ሥሪ። ስለ ጾምሽ ደግሞ ባልሽ አስቀድሞ ይንገራቸው፣ ማዕድ ላይ አንቺ ማብራሪያ እንዳትሰጪ።

በመኪና ከሆነ፣ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 በተራራው አካባቢ የክረምት ጎማ ወይም ሰንሰለት መያዝ ግዴታ ነው። ሰንሰለቱን ቤት ሳላችሁ፣ በደረቅ መሬት ማጥለቅ ተለማመዱ። አንሶላና የጽዳት ክፍያ በኪራዩ ውስጥ መኖሩንም አረጋግጡ፣ ብዙ ጊዜ የለበትም።

የሚያስቸኩለው የወሩ መጨረሻ ነው። ባልሽ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ወረቀቱን እዩት። ቅድመ ክፍያው «አር» ከተባለ ብትሰርዙ የከፈላችሁትን ብቻ ታጣላችሁ። «አኮንት» ከተባለ ግን ውሉ ጸንቷል፣ ሙሉውን ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። እንቢ የምትሉ ከሆነ አሁን ነው፣ ሰዎቹም ሌላ ቤተሰብ ፈልገው ድርሻውን እንዲያካፍሉ። ባልሽ የሚያፍር ከሆነ እንዲህ ይበል፤ «ግብዣችሁ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ዘንድሮ ግን ቤተሰብ ውስጥ የሕክምና ወጪ ስላለብን ሙሉ ሳምንት አንችልም። እኛ በመጀመሪያው ሳምንት ቬርኮር እንለማመዳለን፣ ለከርሞ አስቡን።» ምንም የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ከፈለገም አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ብቻውን ከእነሱ ጋር ተራራ ደርሶ ይመለስ፤ አንቺም ፍቀጂለት።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ደብረ ብርሃን ደውዪ። ከዚያ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ካላንደሩንና ወረቀቱን ይዘሽ ከባልሽ ጋር ተቀመጪ። ስለ ልጃችሁም ንገሪው፣ ለብቻሽ ይዘሽው ቆይተሻል። ይህን ጽሑፍ ልታሳዪው ከፈለግሽ አሳዪው። ምን እንዳለሽ ደግሞ ጻፊልኝ።